አረፋን በጋራ መጠበቅ፦ የሊሙ የወይን ገበሬዎች ማኅበር

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል)

ተራኪ፦ የዛሬው ሳምንታዊ ዝግጅት በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኦድ በተባለው አውራጃ የምትገኘውን የሊሙን ከተማ፣ በዙሪያዋ ወይን የሚያለሙትን ገበሬዎችና እነዚህ ገበሬዎች በ1946 ያቋቋሙትን የኅብረት ሥራ ማኅበር ይመለከታል። ማኅበሩ ሲዬር ዳርክ ይባላል፤ ስያሜው ከአካባቢው የጥንት መኳንንት ማዕረግ የተወሰደ ሲሆን «የአርክ ጌታ» እንደ ማለት ነው። በዝግጅቱ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች ልብ እንዲሉ ይጠየቃል።

ሊሙ ሲባል የጅማው ሊሙ፣ ያ ስመ ጥር የቡና አገር፣ ትውስ የሚለው አድማጭ ብዙ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ስሞቹ በጆሮ ሲሰሙ አንድ ቢሆኑም አገሮቹ ዝምድና የላቸውም። የፈረንሳይዋ ሊሙ ከታሪካዊቷ ከተማ ከካርካሶን በስተ ደቡብ፣ የኦድ ወንዝ ከፒሬኔ ተራሮች ወርዶ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረች ናት።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ጥቂት ሄክታር የወይን ተክል ያለው፣ ሙያውን ከአባቱ የወረሰና መሬቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ገበሬ፣ አረፋማ ወይን ጠጅ ለብቻው ሠርቶ ገበያ ማውጣት ለምን ይከብደዋል? ዕውቀት አጥቶ ነውን? ወይስ ፍሬው መጥፎ ሆኖ? አድማጮች መልሱን እያሰላሰሉ እንዲቆዩ ይጋበዛሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ተራኪ፦ ወይን ጠጅ በአረፋው መሠረት በሁለት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው አረፋ አልባ የሚባለው፣ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ጸጥ ብሎ የሚቀመጠው ነው። ሁለተኛው አረፋማው ሲሆን፣ ቡሹ ሲነሳ ድምፅ የሚያሰማው፣ ሲቀዳም ደቃቅ አረፋ ከብርጭቆው ሥር እየተነሳ ወደ ላይ የሚወጣበት ነው። የሁለቱም መነሻ የወይን ጭማቂ ነው፤ የሚለያያቸው ዋናው ነገር ጭማቂው ሲፈላ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ማግኘቱ ወይም መታፈኑ ነው።

ጋዙ ከየት ይመጣል? እርሾ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ደቂቅ ነገር ሲሆን፣ በጭማቂው ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገበ ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደሚባለው ጋዝ ይለውጠዋል። ጠጅ የሚጥሉ ባለሙያዎች ነገሩን ከሥራቸው ያውቁታል፤ በውኃ የተበጠበጠው ማር ጌሾ ገብቶበት መፍላት ሲጀምር ጋኑ በጨርቅ ይሸፈናል እንጂ ድርግም ተደርጎ አይታሸግም፣ ጋዙ መውጫ ካላገኘ ዕቃውን ሊፈነቅል ይችላልና። አረፋ አልባው ወይን ጠጅም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት፣ ጋዙ እንዲወጣ እየተተወ ነው።

አረፋማው ግን የታሸገ ነው። በከባድ ጠርሙስ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ እንዲፈላ ይደረጋል፤ ጋዙ መውጫ ስለማያገኝ ወይን ጠጁ ውስጥ ይሟሟል፣ ጠርሙሱም ከከባቢው አየር ግፊት አምስትና ስድስት እጥፍ የሆነ ግፊት ተሸክሞ ይቀመጣል። ለመድገም ያህል፣ ጋዙ ሲወጣ አረፋ አልባ፣ ጋዙ ሲታፈን አረፋማ ይሆናል። ይህን የያዘ አድማጭ የቀረውን ያለ ችግር ይከተላል።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

ተራኪ፦ ይህ አሠራር በሊሙ እንዴት ተጀመረ? ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ሴንት ኢሌር የሚባል፣ የቤኔዲክታውያን መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ ገዳም አለ። ብላንኬት የተባለው የአካባቢው ወይን ጠጅ ከዚህ ገዳም ጋር ተያይዞ በ1531 በጽሑፍ ተጠቅሷል፤ በሻምፓኝ ምድር ስሙ እጅግ የገነነው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን የተወለደው ደግሞ በ1638፣ ማለትም ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የሊሙ ሰዎች በዚህ ምክንያት «የዓለም የመጀመሪያው አረፋማ ወይን ጠጅ የእኛ ነው» ይላሉ። ኩራቱ ከሰነዱ ገዘፍ ያለ መሆኑ አይካድም፤ የወይን ጠጅ አገር ሁሉ የራሱን ቀዳሚነት ማወጁ ደግሞ የተለመደ ነው።

ከቀዳሚነቱ ክርክር ይልቅ የሚያስተምረው የአየር ጠባዩ ጉዳይ ነው። የሊሙ ነባር የወይን ዝርያ ሞዛክ ይባላል። ዘግይቶ የሚበስል ዝርያ በመሆኑ ፍሬው የሚለቀመው መፀው ገባ ሲል ነው፤ ጭማቂው ገና እየፈላ ሳለ የተራራው ክረምት ይደርስና ቅዝቃዜው እርሾውን ያደነዝዘዋል፣ ፍላቱም ሳይጨርስ ይቆማል። በዚህ መካከል ወይን ጠጁ በጠርሙስ ከተሞላ፣ ፀደይ ሲገባና ሙቀቱ ሲመለስ እርሾው ነቅቶ የቀረውን ስኳር መመገብ ይጀምራል፣ ጋዙም በታሸገው ጠርሙስ ውስጥ ይቀራል። አረፋ ማለት እንግዲህ በሁለት ወቅቶች መካከል የተቋረጠ ሥራ ውጤት ነው።

ይህ ጥንታዊው ዘዴ ዛሬም በሊሙ ይሠራበታል። በዚህ ዘዴ የሚዘጋጀው ብላንኬት ሙሉ በሙሉ ከሞዛክ የሚሠራ፣ ጣፋጭና አልኮሉ ከሰባት በመቶ የማይበልጥ ነው። ችግሩ ግን ተፈጥሮ ሁሌ አንድ ዓይነት አለመሆኗ ነው፤ በአንዱ ዓመት ጋዙ ያንሳል፣ በሌላው ዓመት በዝቶ ጠርሙስ ይሰብራል። አስተማማኝነት የፈለገ ነጋዴ ሌላ መንገድ ይሻል።

ሌላው መንገድ ከሻምፓኝ ጋር የሚያያዘው፣ ዛሬ «ባህላዊው ዘዴ» የሚባለው ነው። በቅድሚያ አረፋ አልባ ወይን ጠጅ ይዘጋጃል፤ ይህ ወይን ጠጅ በጠርሙስ ተሞልቶ ጥቂት ስኳርና እርሾ ይጨመርበታል፣ ከዚያም ይታሸጋል። እርሾው ስኳሩን ሲጨርስ ይሞትና አምቡላ ሆኖ በጠርሙሱ ሆድ ይተኛል። ወይን ጠጁ ከአምቡላው ጋር ብዙ ወራት ሲቆይ የዳቦና የለውዝ የሚመስል ጣዕም እያገኘ ይሄዳል። በሊሙ ደንብ መሠረት ይህ ቆይታ ከዘጠኝ ወር ማነስ የለበትም።

አምቡላው እንዴት ይወጣል? ጠርሙሶቹ አፋቸው ወደ ታች እያዘነበለ ቀስ በቀስ ይሽከረከራሉ፣ አምቡላውም ተንሸራቶ አንገታቸው ላይ ይሰበሰባል። ቀድሞ ይህን በእጅ የሚሠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዛሬ በአንድ ጊዜ ወደ አምስት መቶ ጠርሙስ የሚያዞሩ፣ ጂሮፓሌት የሚባሉ የብረት ቅርጫቶች በማሽን ይሠሩታል። አንገቱ ከዚያ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ አምቡላው በረዶ ሆኖ ይጋገራል፣ ክዳኑ ሲነሳም ግፊቱ በረዶውን አስፈንጥሮ ያወጣዋል። በጎደለው ቦታ ትንሽ ወይን ጠጅና ስኳር ተጨምሮ የመጨረሻው ቡሽ ይገባል።

(አጭር ዝምታ)

ተራኪ፦ አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ትንሹ ገበሬ ለምን ይከብደዋል? አረፋማ ወይን ጠጅ ለመሥራት ዕውቀት ብቻ አይበቃም፤ መጭመቂያ፣ ግፊት የሚችል ጠርሙስ፣ ማዞሪያና ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ሰፊና ቀዝቃዛ ምድር ቤት ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን መጠበቁ ነው። ፍሬውን በመስከረም የለቀመ ሰው ጠርሙሱን የሚሸጠው ከዓመት በኋላ ነው፤ በዚያ መካከል የልጆቹ ትምህርት፣ የመሬቱ ግብር፣ የመድኃኒቱና የነዳጁ ወጪ አይጠብቁትም። ዕውቀትም ፍሬም ኖሮት መጠበቅ ግን አይችልም። መጠበቅን በጋራ መሸከም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዋነኛ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የደቡብ ፈረንሳይ ገበሬዎች ይህን የተማሩት በመከራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የተባለች የተክል ሥር የምትመጥ ነፍሳት የወይን ተክሉን አወደመች። ማሳዎቹ እንደገና ከተተከሉ በኋላ ደግሞ ምርቱ ከገበያው በላይ ተትረፈረፈ፣ በስኳርና በውኃ የተቀላቀለ ወይን ጠጅም ዋጋውን ጨርሶ ሰበረው። በ1907 ኦድን የሚያጠቃልለው የላንጌዶክ ምድር ገበሬዎች በታሪካቸው ታላቁን ተቃውሞ አደረጉ፤ ሰልፉን በግንባር ከመሩት መካከል የኦድ አውራጃ ሰው የሆነው ማርሴላን አልበር ይገኝበታል። መንግሥት ወታደር አዘመተ፣ በናርቦን ከተማ ደም ፈሰሰ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይም የወይን ጠጅ ማጭበርበርን የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ከዚህ ተቃውሞ ቀደም ብሎ፣ በ1901፣ በዚያው በላንጌዶክ በማሮሳን መንደር «ነፃ የወይን ገበሬዎች» የሚል ስም የያዘ ማኅበር ተቋቁሞ፣ አባላቱ ነጋዴ ሳያማልዳቸው ወይን ጠጃቸውን በቀጥታ መሸጥ ጀመሩ። የሶሻሊስቶቹ መሪ ዣን ዦሬስ በ1905 ስፍራውን ጎብኝቶ አድንቆታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት በላንጌዶክ የጋራ የወይን ጠጅ መጥመቂያ የሌለው መንደር ብርቅ እስከ መሆን ደረሰ፤ ሲዬር ዳርክም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የተወለደው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ ማኅበሩ እንዴት ይሠራል? አባሉ ዕጣ ይገዛል፣ የተስማማበትን የማሳውን ፍሬ ለማኅበሩ ለማስረከብም ይገደዳል፤ ጥሩውን ለግል ገዢ ሸጦ መናኛውን ለማኅበሩ ማምጣት አይፈቀድለትም። ፍሬው ሲደርስ ይመዘናል፣ የስኳሩ መጠን ይለካል፣ ጤንነቱም ይታያል። ክፍያው በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ወይን ጠጁ እየተሸጠ በየጊዜው በከፊል ይከፈላል። በጠቅላላ ጉባኤው አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፣ ማሳው ሰፊም ይሁን ጠባብ። የይርጋጨፌን ወይም የኦሮሚያን የቡና ገበሬዎች ዩኒየን የሚያውቅ አድማጭ ይህ ሥርዓት አዲስ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ የሊሙ ማኅበር ፍሬውን ተቀብሎ የመጨረሻውን ጠርሙስ ራሱ አሽጎ፣ የራሱን ምልክት ለጥፎ መሸጡ ነው።

እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ ጋር ሌላ የሚነካካ ነገር አለ። በዝዋይ፣ ማለትም በባቱ፣ ወይን የሚያለማውና ምርቱን በ2014 ገበያ ያወጣው የካስቴል ድርጅት የፈረንሳይ ነው፤ አደረጃጀቱ ግን ከሊሙው ይለያል። በዝዋይ መሬቱንም ፋብሪካውንም የሚያስተዳድረው ኩባንያው ሲሆን የወይን ለቃሚው ሠራተኛ ነው፤ በሊሙ ደግሞ ለቃሚው ራሱ የፋብሪካው ባለዕጣ ሊሆን ይችላል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት ሳይሆን፣ ትርፉና ኪሳራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ለማሳየት ነው።

የሊሙ ጠርሙሶች ምን ምን ናቸው? የመጀመሪያው ብላንኬት ደ ሊሙ ነው፤ በባህላዊው ዘዴ የሚሠራ፣ ቢያንስ ዘጠና በመቶው ሞዛክ የሆነ፣ የአረንጓዴ ፖም መዓዛ ያለው አረፋማ ወይን ጠጅ ነው። በ1938 የአመጣጥ ስያሜ ጥበቃ አገኘ። ይህ ጥበቃ በፈረንሳይ በ1935 በሕግ የተመሠረተ ሥርዓት ሲሆን፣ አንድ ምርት የአንድን አካባቢ ስም የሚይዘው በተወሰነው ክልል ውስጥ፣ በተወሰኑ ዝርያዎችና በተወሰነ አሠራር ሲመረት ብቻ ነው። ሁለተኛው ክሬማን ደ ሊሙ ይባላል፤ ጥበቃውን ያገኘው በ1990 ሲሆን፣ በውስጡ የሚያይሉት ሻርዶኔና ሸናን የተባሉት ዝርያዎች ናቸው፣ ጣዕሙም ከብላንኬቱ ለስለስ ይላል። ፍሬው በእጅ ይለቀማል፣ ከ150 ኪሎ ፍሬም ከ100 ሊትር በላይ ጭማቂ ማውጣት አይፈቀድም፤ በኃይል ሲጨመቅ ምሬት ይመጣልና።

አረፋ አልባው ነጭ ሊሙ ራሱን የቻለ ክብር አለው። ደንቡ ወይን ጠጁ በባሉጥ እንጨት በርሜል ውስጥ እንዲፈላ ያስገድዳል። በርሜሉ ለወይን ጠጁ ትንሽ ትንሽ አየር ያሳልፍለታል፣ የቫኒላና የጭስ ጣዕምም ይሰጠዋል። ከ2003 ጀምሮ ቀዩም የሊሙን ስም እንዲይዝ ተፈቅዷል፤ ቢያንስ ግማሹ ሜርሎ መሆን አለበት። ቀዩ ከነጩና ከአረፋማው ጋር ሲተያይ ገና ታናሽ ወንድም ነው።

ማኅበሩ የነጩን ወይን ጠጅ ማሳዎች በአየር ጠባያቸው በአራት ከፍሏቸዋል። የሜድትራንያን ነፋስ የሚደርሳቸው ሞቃት ማሳዎች ቀድመው ይበስላሉ። ኦታን የተባለው ደረቅ ነፋስ የሚነፍስባቸው ሌላ ጠባይ አላቸው። ከአትላንቲክ በኩል እርጥበት የሚደርሳቸው ዘግየት ይላሉ። በላይኛው ሸለቆ ያሉት ደጋማዎቹ ደግሞ ከሁሉም ዘግይተው የሚለቀሙ፣ ጎምዛዛነታቸውን አጥብቀው የሚይዙ ናቸው። የሁሉም ፍሬ በአንድ ገንዳ ሲደባለቅ ደጋውም ቆላውም ይጠፋል፤ ለየብቻ ሲጠመቅ ግን አንዱ ሻርዶኔ አራት መልክ ያወጣል። ለየማሳው የተለየ በርሜል መመደብ ለብቻው ለሚሠራ ገበሬ የማይታሰብ ነገር ነው።

እነዚህ በርሜሎች ከ1990 ጀምሮ ቶክ ኤ ክሎሼ በሚባል ዓመታዊ ጨረታ ይሸጣሉ፤ የጨረታው ስም የምግብ አብሳዮችን ባርኔጣና የቤተ ክርስቲያን የደወል ማማዎችን አንድ ላይ ይጠራል። ስያሜው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስመ ጥር አብሳይ ለእንግዶች ማዕድ ያዘጋጃል፣ ከጨረታው ገቢ ከፊሉ ደግሞ በየዓመቱ የአንድ መንደርን የደወል ማማ ለማደስ ይውላል።

(ሙዚቃ ይገባል፤ ይወርዳል)

ተራኪ፦ የጋራ ስም የጋራ ጌጥ ቢሆንም የጋራ ሥጋትም ነው። በ2010 የካርካሶን ፍርድ ቤት በላንጌዶክ ታሪክ ትልቅ መነጋገሪያ የሆነ ውሳኔ ሰጠ። ጉዳዩ ፒኖ ኗር በተባለው የወይን ዝርያ ስም ወደ አሜሪካ የተላከ፣ በውስጡ ግን ርካሽ ዝርያዎች የነበሩበት ወይን ጠጅ ነበር። መርማሪዎች የነቁት በጣዕም ሳይሆን በሒሳብ ነው፤ የተሸጠው ፒኖ ኗር አካባቢው ከሚያመርተው በልጦ ተገኘ። ከተፈረደባቸው መካከል ሲዬር ዳርክ ይገኝበታል፤ 180 ሺህ ዩሮ እንዲከፍልም ተቀጣ። ወይን ጠጁ ብላንኬትም ክሬማንም አልነበረም፤ ነገር ግን ጋዜጣ ያነበበ ሰው ይህን ለይቶ አያይም፣ ማሳውን በሐቅ ያለማው አባልም ስሙ አብሮ ተነሳ። በ1907 አባቶቻቸው የተነሱበት ጥፋት ከመቶ ዓመት በኋላ በራሳቸው ማኅበር ደጅ መገኘቱ መራራ ነገር ነው።

ታዲያ ገዢው ምን ማየት ይችላል? በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የሚኖሩ አድማጮች በመደብር ውስጥ እነዚህን ጠርሙሶች ሊያገኟቸው ስለሚችሉ ጥቂት ነጥቦችን ማወቁ ይጠቅማል። በመለያው ላይ የአመጣጥ ስያሜው ተጽፎ መሆኑን ማየት የመጀመሪያው ነው። «ብሩት» የሚለው ቃል ስኳሩ ጥቂት መሆኑን፣ «ደሚ ሴክ» የሚለው ደግሞ ጣፋጭ መሆኑን ያመለክታል። «ሜቶድ አንሴስትራል» ተብሎ ከተጻፈ ጥንታዊው፣ ጣፋጩና አልኮሉ አነስተኛ የሆነው ነው፤ ከኬክና ከፍራፍሬ ጋር ይስማማል። ብሩት የሆነው ከዓሣና ከደረቅ ምግብ ጋር ይሄዳል፤ ቅመም ከበዛበት ወጥ ጋር ግን ጣፋጩ ይሻላል፣ በርበሬ ስኳሩ ጥቂት የሆነውን ወይን ጠጅ ያመርረዋልና።

አከፋፈቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠርሙሱ በደንብ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሲሞቅ ጋዙ ቶሎ ይፈናጠራል። የሽቦው ማሰሪያ ሲፈታ አውራ ጣት ከቡሹ ላይ መነሳት የለበትም፣ አፉም ወደ ሰው ፊት አይዞርም። ቡሹን በአንድ እጅ አጥብቆ ይዞ በሌላው እጅ ጠርሙሱን ማዞር ይገባል፤ ቡሹን ማዞር ግን ሊሰብረው ይችላል። በሠርግ ላይ እንደሚታየው እያንቀጫቀጩ ማስፈንጠር ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ዘጠኝ ወር የተጠበቀውን አረፋ ግን ወለል ላይ ይደፋዋል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ይላል)